ለሲስተሙ የሚመደቡ ሰዎች

በኤፕሪል 2022 የእንግሊዟ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ሠራተኞች አዲስ ሲስተም ከፈቱ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1999 ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ኤስኤፒ የተባለው ሶፍትዌር ተሰናብቶ፣ ሒሳቡም፣ ግዥውም፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩም፣ ደመወዙም ኦራክል ፊውዥን ወደሚባል ክላውድ ሶፍትዌር ተዛውሮ ነበር። ምክር ቤቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያገለግል ነውና ከግብር፣ ከኪራይና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ ገንዘብ ይገባለታል። አዲሱ ሲስተም ግን ባንክ የገባውን ገንዘብ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር በትክክል ማስታረቅ አቃተው። ከየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ ያልታወቀ ገንዘብ ተከማቸ። ሲስተሙ ይሠራዋል የተባለውን ሥራ ሰዎች ተመድበው አንድ በአንድ በእጃቸው ይለቅሙት ጀመር። ምክር ቤቱም ኦዲተር ሊመረምረው የሚችል የዓመት ሒሳብ ማቅረብ ተሳነው።

ለዚህ ፕሮጀክት በ2019 የተያዘው በጀት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በ2023 ምክር ቤቱ ራሱ ወጪው እስከ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ በሕግ ከተጣለበት ግዴታ በስተቀር አዲስ ወጪ ማድረግ እንደማይችል የሚገልጸውን፣ «አንቀጽ 114» እየተባለ የሚጠራውን ማስታወቂያ አወጣ። ለዚያ ያበቃው ትልቁ ሸክም ለሴት ሠራተኞች ሳይከፈል የቆየው የእኩል ክፍያ ዕዳ ነው። የኦራክሉ ወጪም ግን ከምክንያቶቹ ጋር ተጠቅሷል።

ይኸው ሶፍትዌር በዚያው ጊዜ በሌሎች ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያለ ሁከት ይሠራ ነበር። ልዩነቱ ከሶፍትዌሩ ይልቅ በተከሉት ሰዎች ላይ ነበር። እነማን ለሥራው ተመደቡ? ምን ያህል ጊዜ ተሰጣቸው? ምን ያውቁ ነበር? ችግር ሲያዩስ ለማን ይናገሩ ነበር? የድርጅት ሶፍትዌር ተከላ ፕሮጀክት ሲታቀድ ለዋጋና ለውል ብዙ ወር ይጠፋል። የሰው ምደባው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ በአንድ ገጽ የስም ዝርዝር ያልቃል። ብዙው ኪሳራ የሚጀምረው ከዚያች ገጽ ነው።

ክላውድ ምን ለወጠ?

በድሮው አሠራር ድርጅቱ ሰርቨር ይገዛል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያዘጋጃል፣ ሶፍትዌሩን በራሱ ማሽን ላይ ይጭናል። ለዚህም የኔትወርክ፣ የዳታቤዝና የሰርቨር ባለሙያ ይቀጥራል። ሶፍትዌሩ ከድርጅቱ አሠራር ጋር አልገጥም ሲል ፕሮግራመር ተቀምጦ ሶፍትዌሩን ራሱን ይለውጠዋል። በክላውድ ግን ማሽኑም ሶፍትዌሩም የሚገኙት በሻጩ ዘንድ ነው፤ ድርጅቱ በየዓመቱ ኪራይ እየከፈለ በኢንተርኔት ይጠቀማል። አንዱ ሶፍትዌር ለሺዎች ደንበኞች የተሠራ በመሆኑ ለአንዱ ብሎ ውስጡን የሚለውጥለት የለም። የሚቻለው ማዋቀር ነው፤ ይኸውም በሶፍትዌሩ ውስጥ ቀድሞ ከተዘጋጁት አማራጮች ለድርጅቱ የሚስማማውን መምረጥ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ የሚያስፈልገውን ሰው ዓይነት ገለበጠው። የሰርቨርና የዳታቤዝ ሠራተኛ ፍላጎት ቀነሰ። በምትኩ ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው ፍላጎት በጣም ጨመረ። «የግዥ ጥያቄ ስንት ሰው ይፈርምበት?»፣ «የትርፍ ሰዓት ክፍያ በየትኛው ሰዓት ይጀምር?»፣ «የአቅራቢዎች ዝርዝር በማን እጅ ይሁን?» የሚሉ ጥያቄዎች በመቶ እየተቆጠሩ ይመጣሉ። እነዚህን ፕሮግራመር አይመልሳቸውም። የሚመልሳቸው ሥራውን የሚያውቅ፣ አለቃው የሚያምነው፣ ነገ «እኔ አላልኩም» የማይል ሰው ነው።

የበርሚንግሃም ምክር ቤት መጀመሪያ ላይ የያዘው መርህ ትክክለኛ ነበር፦ ሶፍትዌሩን እንዳለ መቀበልና የራስን አሠራር ወደ ሶፍትዌሩ ማምጣት። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን መርሁ ላላ። በየክፍሉ «የእኛ ሥራ ልዩ ነው» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ለብቻ የሚሠራ ጭማሪ እየተፈቀደ ሄደ፤ ብዙ መከራ ያመጣው የባንክ ማስታረቂያም ከነዚህ ጭማሪዎች አንዱ ነበር። ጭማሪ የሚፈቀደው «አይሆንም» የሚል ሰው ሲጠፋ ነው። የሁሉንም ክፍል ሥራ ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ የሶፍትዌሩን ባሕርይ የሚያውቅና አይሆንም ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ወይም ኮሚቴ መመደብ በክላውድ ፕሮጀክት ውስጥ ከማንኛውም ቅጥር ይቀድማል።

ሦስቱ ወገኖች

በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ላይ ሦስት ወገኖች ይቀመጣሉ። አንደኛው እንደ ኦራክል፣ ኤስኤፒ ወይም ወርክዴይ ያለው የሶፍትዌሩ ባለቤት ነው። ሁለተኛው ሶፍትዌሩን የሚያዋቅረው አማካሪ ድርጅት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ የተለየ ኩባንያ ሲሆን ሠራተኞቹን በቀን ሒሳብ ያከራያል። ሦስተኛው ደንበኛው፣ ማለትም ሲስተሙን ተረክቦ የሚኖርበት ድርጅት ነው። ሁለቱ ሲሄዱ ሦስተኛው ይቀራል። ስለዚህ በምደባ ላይ ከሁሉ አብልጦ ሊጨነቅ የሚገባው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ የሚያስበው እርሱ ነው።

ከአማካሪው ወገን የሚመጣው ቡድን የታወቀ ቅርጽ አለው። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ አለ። አጠቃላይ ንድፉን የሚነድፍ አርክቴክት አለ። ለእያንዳንዱ ሞጁል፣ ለሒሳቡ፣ ለግዥው፣ ለደመወዙ አንድ ወይም ሁለት ኮንሰልታንት ይመደባል። አዲሱን ሲስተም ከባንኩ፣ ከታክስ መሥሪያ ቤቱና ከሌሎች ሲስተሞች ጋር የሚያገናኝ የኢንተግሬሽን ባለሙያ አለ። ዳታ የሚያሸጋግር አለ። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ በሌላ አገር፣ ብዙ ጊዜም በሕንድ ተቀምጠው ሊሠሩ ይችላሉ። ይህ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን በደንበኛው አገር ከሰዓት በኋላ የተነሳ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በማግስቱ መሆኑን የጊዜ ሰሌዳው ካላሰበበት ሳምንቶች ይባክናሉ።

ደንበኛው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጨረታው በሚቀርብበት ቀን ገለጻ የሚያደርጉት ሰዎችና ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው የሚመጡት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ልምድ ያለው አርክቴክት በገለጻው ቀን ይታያል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጨረታ ይሄዳል፤ በቦታው ሥልጠና የጨረሰ ወጣት ይተካል። ወጣቱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ መማሪያው ግን የደንበኛው ገንዘብ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ደንበኞች ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ሰዎች በስማቸው ውሉ ውስጥ ያስገባሉ፣ አንድ በአንድ ያነጋግሯቸዋል፣ ያለ ፈቃዳቸው እንዳይቀየሩም ያስጽፋሉ። ይህን ለማድረግ ግን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል፣ ሶፍትዌሩን የሚያውቅ ሰው ከደንበኛው ወገን መኖር አለበት። የበርሚንግሃም የውጭ ኦዲተሮች በ2025 መጀመሪያ ባወጡት ሪፖርት ከጠቀሷቸው ድክመቶች አንዱ ምክር ቤቱ ለዚህ ስፋት ላለው ሥራ በቂ የኦራክል ዕውቀት ያለው የራሱ ሰው ያልነበረው መሆኑ ነው። የሚነገረውን መመዘን የማይችል ደንበኛ የሚነገረውን ሁሉ ይቀበላል።

የተበደረው ሠራተኛ

ከደንበኛው ወገን የሚያስፈልጉት ሰዎች ዝርዝር ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ የሥራው ባለቤት የሆነ ከፍተኛ ኃላፊ ይቀመጣል፤ የእርሱ ሥራ በክፍሎች መካከል ጠብ ሲነሳ መቁረጥና ገንዘቡን መጠበቅ ነው። ከእርሱ በታች የደንበኛው ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ከአማካሪው ሥራ አስኪያጅ ጋር ጎን ለጎን የሚሠራ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ አንድ ባለቤት ይኖራል፤ የደመወዙን ነገር የሚወስን፣ የግዥውን ነገር የሚወስን። ከነዚህ ሥር ሥራውን በእጃቸው የሚሠሩት የዘርፉ አዋቂዎች ይሰለፋሉ።

ጭንቁ ያለው ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ዘንድ ነው። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሁሉም ሰው ሲቸግረው የሚሄድባት አንዲት ሠራተኛ አለች። ደመወዝ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጣለች። በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለች የደረጃ ዕድገት ያገኘች ሠራተኛ ልዩነቷ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ከክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣው አበል ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ የጡረታ መዋጮው ያለቦታው የተቆረጠበት ሰው እንዴት እንደሚመለስለት ታውቃለች። ግማሹ በመመሪያ የተጻፈ ነው፣ ግማሹ በእርሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነው። ሲስተሙ በትክክል እንዲዋቀር ያ ግማሽ ከጭንቅላቷ ወጥቶ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

አለቃዋም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አይለቃትም። የሚሆነው ታዲያ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በእርሷ ፋንታ ብዙም የማትፈለግ፣ አዲስ የገባች ሠራተኛ ለፕሮጀክቱ ትላካለች፤ ለኮንሰልታንቱ ጥያቄ ሁሉ «ጠይቄ እመለሳለሁ» ትላለች። ወይ ራሷ አዋቂዋ «ሥራሽን እየሠራሽ በተጓዳኝ ተሳተፊ» ትባላለች። ጠዋት በፕሮጀክቱ ስብሰባ ትቀመጣለች፣ ከሰዓት ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የተከመረውን ፋይል ታያለች፣ ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ መድረስ አለበትና ከፕሮጀክቱ ለሳምንት ትጠፋለች። ኮንሰልታንቱ በቀን እየተከፈለው ይጠብቃታል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ እርሷም ሰልችቷት፣ እርሱም ጊዜው አልቆበት፣ ውሳኔው በግምት ይሞላል። ያ ግምት ከዓመት በኋላ የአንድ ሰው የጎደለ ደመወዝ ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው አንድ ነው፣ ውድም ነው፦ አዋቂዋን ሙሉ በሙሉ ለፕሮጀክቱ መልቀቅ፣ በቦታዋም አስቀድሞ ተተኪ ቀጥሮ ማለማመድ። ተተኪው ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ከጥቂት ወራት በፊት መግባት አለበት፤ ባዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚያለማምደው አያገኝምና። የዚህ ወጪ ብዙ ጊዜ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አይገኝም፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩን የሚገዛው ክፍልና ደመወዝ የሚከፍለው ክፍል ይለያያሉ። በጀት አጽዳቂው «የኮንሰልታንት ክፍያ» የሚል መስመር ሲያይ ይረዳል። «የተተኪ ሠራተኞች ደመወዝ» የሚል ሲያይ ግን ትርፍ ወጪ መስሎት ይሰርዛል። ከሁሉም መስመሮች ሊሰረዝ የማይገባው ግን እርሱ ነው።

ለአዋቂዋ ሁለት ነገር በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። አንደኛው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የምትመለስበት መደብ ነው፤ ይህ ካልታወቀ ቦታዋን ያጣች እየመሰላት ግማሽ ልቧ ከኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የመወሰን ሥልጣን ነው። ተልካ እየመጣች ለእያንዳንዱ ነገር ወደ አለቃዋ የምትመለስ ከሆነ፣ የተላከው ሰው ሳይሆን መልእክተኛ ነው።

ሚራሚሺ

ሠራተኛን ማበደር ጉዳት ካለው፣ ሠራተኛን አስቀድሞ ማሰናበት ምን እንደሚያደርስ ካናዳ አሳይታለች። የፌዴራሉ መንግሥት የ101 መሥሪያ ቤቶችን፣ ማለትም የ290,000 ያህል ሠራተኞችን ደመወዝ በአንድ ሲስተም ለመክፈል በ2009 ፕሮጀክት አጸደቀ። ሲስተሙ ፊኒክስ ተባለ፤ በፒፕልሶፍት ሶፍትዌር ላይ የተሠራ፣ ከክላውድ ዘመን በፊት የነበረ ዓይነት ነው። የምደባው ትምህርት ግን ለክላውዱም እንዳለ ይሠራል። መንግሥት ከዚህ ለውጥ በየዓመቱ 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማዳን አቅዶ ነበር፤ የሚድነውም ከሰው ነበር።

በ46 መሥሪያ ቤቶች ተበትነው የነበሩ ወደ 1,200 የሚሆኑ የደመወዝ አማካሪዎች፣ ማለትም የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስኬዱ ባለሙያዎች፣ መደብ ተሰረዘ። በእነርሱ ፋንታ ኒው ብራንስዊክ በምትባለው ግዛት፣ ሚራሚሺ በምትባል ትንሽ ከተማ ወደ 550 ሰው የሚሠራበት ማዕከል ተቋቋመ፤ ከእነዚህም 460 ያህሉ የደመወዝ አማካሪዎች ነበሩ። ሚራሚሺ የተመረጠችው የደመወዝ ባለሙያ ስለሚበዛባት አልነበረም። የወረቀት ፋብሪካዋ የተዘጋባት፣ የፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ምዝገባ ቢሮዋም ሊዘጋባት የነበረች ከተማ ስለሆነች ሥራ እንዲገባላት ነው። ለከተማይቱ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከነባሮቹ አማካሪዎች ቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ የተዛወሩት ጥቂት ናቸው። በርካታ ዓመት የተጠራቀመ ዕውቀት በጡረታና በዝውውር ተበተነ፣ በቦታው በአብዛኛው አዲስ ሰው ገባ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ደመወዝ ከ80,000 በላይ የክፍያ ደንቦች አሉት። በ2012 ሲስተሙን የሚሠራው ኩባንያ ለግንባታው 274 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ቢናገርም የተያዘው 155 ሚሊዮን ነበር። ኃላፊዎቹ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን ቀነሱ፤ ለደመወዝ ሥራ የሚያስፈልጉ 100 ያህል ተግባራት ተወገዱ ወይም ወደ በኋላ ተላለፉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሊደረግ የታሰበው የሙከራ ሥራም ተሰረዘ። ፊኒክስ በፌብሩዋሪና በኤፕሪል 2016 በሁለት ዙር ሥራ ጀመረ።

በ2017 አጋማሽ ከ150,000 በላይ ሠራተኞች ያልተፈታ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው፤ የስሕተቱ ጠቅላላ መጠን ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ለአንዱ ጎደለ፣ ለሌላው በዛ፣ አንዳንዱም ለወራት ምንም አልተከፈለውም። የቤት ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። የካናዳ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርጉሰን በ2018 ባቀረቡት ሪፖርት ፕሮጀክቱን ለማመን የሚያዳግት የአመራርና የቁጥጥር ውድቀት ብለው ፈረጁት። መንግሥት መልሶ ሰው ፍለጋ ወጣ፤ 550 የነበረው የደመወዝ ክፍያ ሠራተኛ ቁጥር ከ1,500 በላይ ሆነ። ሊድን የታሰበው ሰው ተመልሶ ተቀጠረ፣ የተመለሰው ግን የሄደው አይደለም።

የካናዳ መንግሥት ፊኒክስን ለመተካት ኋላ ላይ የሞከረው ዴይፎርስ የተባለውን ክላውድ ሶፍትዌር ነው። ከመጀመሪያው ተሞክሮ የሚወሰደው የምደባ ደንብ ግልጽ ነው፦ አዲሱ ሲስተም ቢያንስ ጥቂት የወር መጨረሻዎችን በሰላም እስኪያልፍ ድረስ የድሮው ሠራተኛ ከመደቡ አይነሳም፤ እንዲያውም በእነዚያ ወራት የሰው ቁጥር መጨመር አለበት። ከሲስተሙ የሚገኘው ቁጠባ በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ተቆጥሮ ከተቀመጠ፣ ቁጥሩ ራሱ ሰውን አስቀድሞ ያባርራል።

የአገሩን ሠርዶ

ዓለም አቀፍ ሶፍትዌር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለው አባባል እውነት ይሆናል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በመካከሉ ጳጉሜ አለች። ወርሐዊ ደመወዝተኛ ለጳጉሜ ለብቻው አይከፈለውም፤ ነገር ግን በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ዕቃ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ባንክ ይገባል። ጳጉሜ ራሷን የቻለች የሒሳብ ጊዜ ትሁን ወይስ ከነሐሴ ጋር ትዘጋ? ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል፣ ምርጫውን ግን ከውጭ የመጣ ኮንሰልታንት ሊያደርገው አይችልም። ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

ስምም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከገባ ሪፖርቱ ሁሉ ሰውን በአባቱ ስም ይደረድረዋል፣ ደብዳቤውም አባቱን ይጠራል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ደግሞ ሠራተኛው ጠዋት 2 ሰዓት የሚለውን 8 ሰዓት ብሎ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነገር ትንሽ ነው፤ በንድፉ ሳምንት ከተነሳ በአንድ ቀን ይፈታል፣ ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከተገኘ ግን በሺህ የሚቆጠር መዝገብ ማረም ይጠይቃል። ለዚህ የሚመደበው ሰው የግድ የኮምፒውተር ምሁር መሆን የለበትም። ሒሳብ ዘግቶ የሚያውቅ፣ ጠያቂ፣ በስብሰባ መካከል እጁን ለማንሣት የማያፍር ሰው ይበቃል።

ዳታ፣ ሙከራ፣ ሥልጠና

ከድሮው ሲስተም ወደ አዲሱ የሚሸጋገረው ዳታ ሁልጊዜ ከተጠበቀው በላይ ቆሻሻ ነው። አንዱ አቅራቢ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የለቀቀ ሠራተኛ እንደ ነባር ይቆጠራል። አማካሪው ዳታውን ይጭናል፣ የሚያጠራው ግን ደንበኛው ነው፤ የትኛው ስም እውነተኛ እንደሆነ ሌላ ሰው አያውቅም። ስለዚህ የዳታ ማጥራት ቡድን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መመደብ አለበት። ጭነቱም ሁለት ሦስት ጊዜ በሙከራ ተደግሞ፣ በየጊዜው የወደቀው መዝገብ እየታረመ ይሄዳል።

የሙከራው ሥራ የሚመደብለት ሰው ደግሞ ሲስተሙን ያዋቀረው ሰው ሊሆን አይገባም። ሰው የራሱን ሥራ ሲፈትን የሚሄደው በሚያውቀው መንገድ ነው፤ መንገድ የሚስተውን ተጠቃሚ አይመስልም። በደመወዝ ላይ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ የአንዱን ወር ደመወዝ በድሮውም በአዲሱም ሲስተም አስልቶ የእያንዳንዱን ሰው የተጣራ ክፍያ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። ልዩነት ያለበት ስም ሁሉ ምክንያቱ እስኪገኝ ይመረመራል። አድካሚ ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ በወሩ መጨረሻ ሥራ ላይም ይደረባል። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ነው። ፊኒክስም ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙሉ ሳይፈተን ነው ሥራ የጀመረው።

ለሥልጠናው በየክፍሉ አንድ ሰው ተመርጦ አስቀድሞ ይሠለጥናል፣ እርሱም የክፍሉን ሰዎች ያሠለጥናል። የሚመረጠው ኮምፒውተር የሚወደው ወጣት ብቻ ከሆነ ግን ነባሮቹ አይጠይቁትም። ባልደረቦቹ ሲቸግራቸው ወደ ማን እንደሚሄዱ አይቶ እርሱን መምረጥ ይሻላል።

መጥፎ ወሬ የሚያደርስ ሰው

በየሳምንቱ ለፕሮጀክቱ ኮሚቴ አንድ ገጽ ሪፖርት ይቀርባል። ሥራው በቀለም ይገለጻል፦ አረንጓዴ መልካም፣ ቢጫ የሚያሰጋ፣ ቀይ የተበላሸ። ከታች ዳታ የምታጠራው ሠራተኛ ቀይ ትላለች። የቡድን መሪዋ «በሚቀጥለው ሳምንት እናስተካክለዋለን» ብሎ ቢጫ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ቢጫ ማቅረብ ስለሚከብደው ወደ አረንጓዴ ያስጠጋዋል። ሪፖርቱ ከፍተኛው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሁሉም ለምልሟል። ማንም አልዋሸም፣ እውነቱ ግን በመንገድ ቀርቷል። በካናዳ ፊኒክስን የሚመራው ሚኒስቴር የበላይ ኃላፊ የችግሩን ስፋት በግልጽ ሳይነገራቸው ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። በበርሚንግሃምም ኦዲተሮቹ መጥፎ ዜና የማይወደድበት የሥራ ባሕል እንደነበረ ጽፈዋል። በዚያ ላይ ኃላፊዎቹ በተደጋጋሚ ስለሚቀያየሩ አንዱ ያየውን ችግር ቀጣዩ እንደ አዲስ ይጀምረው ነበር።

ስለዚህ በምደባው ዝርዝር ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል። ደመወዙ ከፕሮጀክቱ በጀት የማይከፈል፣ ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ የማይታዘዝ፣ ያየውን በቀጥታ ለላይኛው ኃላፊ የሚናገር ገለልተኛ መርማሪ ነው። ወደ ሥራ የሚገባበት ቀን ሲቀርብ «እንግባ ወይስ እንቆይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ሲስተሙን የሚተክሉት ሰዎች ብቻ ከሆኑ መልሱ ሁልጊዜ «እንግባ» ነው።

ከርክክብ በኋላ

ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚፈልጉ ናቸው። ኮንሰልታንቶቹ በሙሉ በቦታቸው ይቆያሉ፣ የስልክ ጥሪ ተቀባዮች ይጨመራሉ፣ የአዋቂዎቹ ጠረጴዛ ከጠዋት እስከ ማታ ይከበባል። ይህ ጊዜ ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ፣ ቢቻል አንድ የሩብ ዓመት መዝጊያ ማካተት አለበት። አማካሪው ቀስ በቀስ ይወጣል። በዚያ ወቅት አዲስ ችግር ብቅ ይላል፦ በፕሮጀክቱ ላይ ሁለት ዓመት የሠሩት የደንበኛው ሠራተኞች አሁን በገበያ የሚፈለጉ ሆነዋል። አማካሪው ራሱ፣ ወይም ሌላ ድርጅት፣ ከነበራቸው ደመወዝ እጥፍ ሊያቀርብላቸው ይችላል። አንዳንድ ድርጅቶች አማካሪው ሠራተኞቻቸውን እንዳይቀጥር በውል ይከለክላሉ፣ ለሠራተኞቻቸውም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚከፈል ማበረታቻ ያስቀምጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አዲስ የሥራ መደብና አዲስ ደረጃ መስጠት ነው፤ የቀድሞውን ሰው በቀድሞው ደረጃ መልሶ ማስቀመጥ ሒድ እንደማለት ይቆጠራል።

የበርሚንግሃም ምክር ቤት በማዕከላዊ መንግሥት በተሾሙ ኮሚሽነሮች ቁጥጥር ሥር ሆኖ ኦራክልን እንደ አዲስ፣ በዚህ ጊዜ ጭማሪ ሳይደረግበት እንደተሠራው ለመትከል ወስኗል። አንድ ሲስተም ሁለት ጊዜ መትከል ማለት ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ መፈለግ ነው፤ አዋቂዎቹም በመሃል ሒሳቡን በእጃቸው እየለቀሙ ደክመዋል።

ተሳክቶ ቢተከልም ምደባው አያበቃም። ክላውድ ሶፍትዌር በባለቤቱ ፕሮግራም ይታደሳል፤ ወርክዴይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኦራክል ፊውዥን በየሩብ ዓመቱ። ደንበኛው ማስቀረት አይችልም። ስለዚህ ለሒሳቡ አንድ፣ ለደመወዙ አንድ፣ ለግዥው አንድ፣ ለመግቢያ ፈቃድና ለደኅንነቱ አንድ፣ ከሌሎች ሲስተሞች ጋር ላለው ግንኙነት አንድ ቋሚ ሰው፣ በላያቸውም አንድ ኃላፊ ያለው ቡድን ይቀራል። ኦራክል እድሳቱን መጀመሪያ በሙከራው ሲስተም ላይ ይጭነዋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዋናው ላይ። ቡድኑ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የወር ደመወዙን አስልቶ ያስተያያል፣ ባንኩን ያስታርቃል፣ የግዥ ጥያቄ ከመነሻው እስከ ክፍያው ያስኬዳል፣ የተበላሸ ካገኘ ለሻጩ ያስታውቃል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይጀምራል።